ለቆየ የወገብ ሕመም ገንዘባችሁን የት ታወጡታላችሁ? ያለ መድኃኒት ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ሰኔ 30 የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ዘግቼ ቤት ስገባ፣ እስቲ የወገቤንም ሒሳብ ልዝጋ ብዬ መሳቢያ ውስጥ የተጠራቀመውን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የሙቀትና የኤሌክትሪክ አሥር ቀጠሮ፣ እንደገና አሥር፣ ሁለት የወገብ ቀበቶ፣ "የወገብ ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ ፍራሽ፣ ማሳጅ፣ ማሳጅ፣ አሁንም ማሳጅ። ከሥር ሁለት ትንንሽ ደረሰኞች ወጡ። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ስድስት እንቅስቃሴ አስተምራኝ፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ስላ የሰጠችኝ ጊዜ የከፈልኳቸው ናቸው። የጠቅላላውን ወጪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም። ዛሬም ጠዋት ከአልጋ ስነሣ የምሠራው ያንኑ ስድስቱን ነው።

ያ ክምር ነው ይህን ያስጻፈኝ። "ኩላሊቴን ነው"፣ "ብርድ ገብቶኝ ነው"፣ "ዲስክ ነው አሉኝ" እያልን የምናስታምመው የወገብ ሕመም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰፈረው በ2020 በ619 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ነበረ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሕመሙ ሦስት ወር ካለፈው ሥር የሰደደ ይባላል፤ እዚህ የማወራው ስለዚያ ነው። የክሊኒክም የዕቃም ስም አልጠራም።

ከማወዳደራችሁ በፊት

አንዳንዱ የወገብ ሕመም ለንጽጽር ጊዜ አይሰጥም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በእግሮች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት የካንሰር ሕመም፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ የጀመረው ሕመም ካለ ደግሞ ሐኪም ሳያይ ወገብ አይታሽም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም አለ። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴላ በሚባል ተሕዋሲ ተይዞ ወገቡን ሊያመው ይችላል። ሁለቱም በእሽትና በሙቀት አይድኑም፤ መድኃኒት አላቸው፣ የቲቢው ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

ይህን ካጣራችሁ በኋላ ወደ ሒሳቡ እንግባ።

በምን እንለካ?

የጤና ኢኮኖሚስቶች መለኪያ አላቸው። በሙሉ ጤና የተኖረ አንድ ዓመት 1 ይባላል፤ ሕመም ግማሹን የበላው ዓመት 0.5። ከዚያ አንድ ሕክምና ያን ሙሉ ዓመት ለማስገኘት ስንት ፈጀ ብለው ያሰላሉ። በእኛ ሙያ ቋንቋ የአንድ ዕቃ የማምረቻ ዋጋ በሉት። በእንግሊዝ የቱ ሕክምና በመንግሥት ወጪ ይሰጥ ብሎ የሚመክረው ናይስ የሚባል ተቋም፣ ለአንድ ሙሉ የጤና ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ቢወጣ ያዋጣል ሲል ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ፓውንዱን ወደ ብር መመንዘር ለእኛ አይጠቅመንም፤ የሚጠቅመን ከአማራጮቹ መካከል የቱ እጅግ ረክሶ፣ የቱ ተወዶ እንደተገኘ ማየቱ ነው።

ለኪሳችን ግን ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛው፦ ሙሉ ዋጋው ስንት ነው? የቀጠሮው ክፍያ ብቻውን ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ቀጠሮው 600 ብር፣ ታክሲ ደርሶ መልስ 200፣ የቀረችው ግማሽ የሥራ ቀን 400 ብር ትሁን። አንዱ ቀጠሮ 1,200 ብር ሆነ፤ አሥራ ሁለት ቀጠሮ 14,400። አራት ቀጠሮ ተምሮ ቀሪውን ቤት መሥራት 4,800። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡባቸው። አጃቢ የሚያስፈልጋት እናት ከሆነች የአጃቢውንም ቀን ደምሩ።

ሁለተኛው፦ መክፈል ሳቆም ምን ይቀርልኛል? እኔ ከስንት ዓመት በኋላ የጠየቅሁት ይህን ነው። አንዳንዱ ሕክምና እንደ ኪራይ ነው፣ ካልከፈላችሁ ትወጣላችሁ። አንዳንዱ እንደ ትምህርት ነው።

መለኪያው ደብተር ነው። ማታ ማታ "ዛሬ ወገቤ የከለከለኝ ነገር ነበር?" ብላችሁ አዎ ወይም አይ ብላችሁ ጻፉ፣ ሌላ አያስፈልግም። በወሩ መጨረሻ ያወጣችሁትን ብር ለ"አይ" ቀናት አካፍሉት። የአንድ ቀላል ቀን ዋጋ ታገኛላችሁ።

በእግር መሄድ

ከሁሉም የረከሰው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በ2024 ላንሴት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 701 ሰዎችን አሳትፏል። የወገብ ሕመማቸው በቅርቡ የለቀቃቸው፣ ነገር ግን እየተመላለሰ የሚይዛቸው ዓይነት ናቸው። ግማሾቹ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ስድስት ጊዜ እየተገናኙ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን እስከ 30 ደቂቃ እንዲሄዱ ተደረገ። ከእነዚህ ግማሹን ሕመሙ ተመልሶ እስኪይዛቸው 208 ቀን ፈጀ፤ ምንም ባልተደረገላቸው 112 ቀን። ከወጪው አንጻርም ያዋጣል ተብሏል።

ይህ እንግዲህ ሕመሙ ለጊዜው ለለቀቀው ሰው ነው። አሁን ቀጥ ማለት ላልቻለ በአምስት ደቂቃ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። አዲስ አበባ ላይ ቁልቁለትና ዳገት፣ የክረምት ጭቃ፣ የንጋት ውሻ አለ። አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ረድተውናል፤ እነሱ ያልደረሱበት ሰፈር ያላችሁ ግቢ ውስጥ መመላለስም ይቆጠራል። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድ እንዲያውም ወጪ ይቀንሳል።

ፊዚዮቴራፒ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

አንደኛው ዓይነት ይህን ይመስላል። መጋረጃ በተጋረደ ክፍል ውስጥ በደረታችሁ ትተኛላችሁ። በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ነገር ወገባችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ የሚነዝር የኤሌክትሪክ ገመድ ይለጠፋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ አልትራሳውንድ ይዞራል። ባለሙያዋ በዚህ መሀል ከጎን ያለው መጋረጃ ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ናት። ተነሥታችሁ ስትለብሱ ቀለል ይላችኋል፣ ማታ ይመለሳል፣ በማግስቱ ቀጠሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አልትራሳውንዱንም፣ የሚለጠፈውን የኤሌክትሪክ ማነቃቂያም፣ ወገብ መጎተቻውንም አይመክርም። የእንግሊዙ ናይስም በ2016 ተመሳሳይ ብሏል።

ሁለተኛው ዓይነት ላብ አለው። ባለሙያው እንዴት እንደምትቀመጡ፣ ከወንበር እንዴት እንደምትነሡ፣ ዕቃ እንዴት እንደምታነሡ ያያል። ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ ያሳያል፣ አሠርቶ ያርማል፣ ቤት ሥሩ ብሎ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ያከብደዋል። ማስረጃው ያለው ከዚህኛው ጋር ነው። በ2004 በእንግሊዝ 1,334 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በተለመደው የሐኪም ክትትል ላይ የቡድን እንቅስቃሴ ሲጨመር አንድ ሙሉ የጤና ዓመት ወደ 8,300 ፓውንድ ወጣበት፤ በእጅ የሚደረግ የአከርካሪ ሕክምና ቀድሞ እንቅስቃሴ ሲከተለው ደግሞ 3,800። ሁለቱም ከናይስ ወለል፣ ከ20,000 ፓውንዱ፣ በእጅጉ በታች ናቸው።

ከዚህ የሚበልጥ ጥሩ ዜና አለ፦ ሁሉም ሰው ብዙ ቀጠሮ አያስፈልገውም። በ2011 እዚያው እንግሊዝ 851 ሕመምተኞችን በአጭር መጠይቅ ለሦስት ከፈሏቸው። ሕመሙ የሚከርምበት ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነው ምክር ተሰጥቶት ተሸኘ፣ ከባዶቹ ብቻ ረጅም ክትትል አገኙ። ውጤቱ ተሻሻለ፣ ወጪውም ለአንድ ሰው በ34 ፓውንድ ቀነሰ። ሲታከሙ የሚሻልም የሚረክስም ነገር በጤና ሒሳብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ስለዚህ ካሸር ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ "ከአሥሩ ቀጠሮ ስንቱን ተኝቼ ነው፣ ስንቱን እየሠራሁ ነው?" አሥሩንም በቅድሚያ ክፈሉ ካሏችሁ፣ ሦስት ከፍላችሁ እዩ።

ዮጋም ከዚሁ ወገን ነው። በቦስተን 320 ሰዎች ላይ በ2017 በተሠራ ጥናት፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ፣ ለወገብ ተብሎ የተዘጋጀ ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ አላነሰም። ለሃይማኖቱ የሚሰጋ ሰው ያው ጡንቻ ማሳሳብና ማጠንከር ከፊዚዮቴራፒስቱ ዘንድ ስለማይጠፋ አያስጨንቀው።

የሥነ ልቦና ሕክምና

ይህን ስታነሱ ሰው ይቀየማል። "እብድ ነሽ ልትለኝ ነው?" አለችኝ አክስቴ። ማንም ሕመሙ የለም አላለም። የቆየ ሕመም ላይ የነርቭ ሥርዓቱ እንደ ተበላሸ የመኪና አላርም ይሆናል፣ ድመት ስታልፍም ይጮኻል። ሕክምናው ያን አላርም ማርገብና ሰውየውን ከፍርሃቱ ማላቀቅ ነው።

አክስቴን ራሷን ልውሰድ። ደህና ቀን ሲገጥማት ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትወለውላለች፣ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ "ዛሬ ለቆኛል" እያለች ጎንበስ ቀና ትላለች። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ። ሲሻላት እንደገና። ከወገቧ ይልቅ የሚጎዳት ይህ ዙር ነው። አሁን በርበሬውን ሃያ ደቂቃ ቀንጥሳ፣ ብታምም ባታምም ተነሥታ፣ ግቢ ዞራ ትመለሳለች። ሥራው በሁለት ቀን ይለቅ እንጂ አልጋ ላይ አልዋለችም። ሐኪሞቹ መመጠን የሚሉት ይኸው ነው፣ ዋጋውም የወጥ ቤት ሰዓት ነው።

ቁጥሩን ካያችሁት ከሁሉም የሚያስገርመው እዚህ ነው። በ2010 በእንግሊዝ 701 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ላይ (የሰው ቁጥሩ ከአውስትራሊያው ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው) በቡድን የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና አንድን ሙሉ የጤና ዓመት በ1,786 ፓውንድ አስገኘ። ከናይስ ወለል አንድ አሥረኛ አይደርስም። በአውስትራሊያ በ2023 ሕመምን በመረዳትና በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ የሰባት ቀጠሮ ሕክምና ለ492 ሰዎች ተሞክሮ፣ በአብዛኛው ሰው ወደ ሥራው በመመለሱ፣ ለአንድ ሰው ከ5,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አተረፈ።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። አገር ቤት ሳይኮሎጂስት ቢገኝም በሕመም ላይ የሠለጠነ ብርቅ ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይዞ "ስለ እንቅልፌና ስለ ፍርሃቴ እንሥራ" ማለት፣ መመጠኑን ደግሞ በራስ መጀመር ነው።

ማሳጅ፣ ወጌሻ

ማሳጅ ደስ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሊሰጡ ይችላሉ ካላቸው ጋር አስገብቶታል፣ ማስረጃው ደካማ ቢሆንም። በእኔ ሒሳብ ግን ኪራይ ነው። ወር በገባ አንዴ፣ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ጡንቻውን ለማላላት ከሆነ ይሁን።

ወጌሻን በጅምላ መናቅ አይገባም። እጃቸው ልምድ ያለው አሉ፣ ዋጋቸውም ይቀርባል። ሆኖም አጥንቷ የሳሳ አሮጊት ወገብ ላይ በጉልበት ተንበርክኮ "መመለስ" ስብራት ያመጣል። ስብራትን አጥብቆ በቀርከሃ አስሮ እግር እስከመቆረጥ ያደረሰ ታሪክ በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። ጉልበትና ድንገተኛ ማጠፍ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

አኩፓንቸር

ባለሙያዎቹም አልተስማሙ። ናይስ በ2016 ለወገብ ሕመም አትስጡ አለ፤ በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በውል ላልታወቀ የቆየ ሕመም፣ የባለሙያው ሰዓት በጠቅላላ ከአምስት እንዳይበልጥ ወስኖ ፈቀደ። የሰዓት ገደቡን ልብ በሉት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አያዋጣም ማለታቸው ነው። መድን ወይም መንግሥት የሚከፍልላችሁ ከሆነ ሞክሩት። ከኪስ ከሆነ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ደብተሩ ላይ ለውጥ ከሌለ ማቆም። የመርፌው እሽግ በፊታችሁ ይቀደድ።

ፍል ውሃ፣ ጠበል፣ ዋግምት

ሙቀት ጡንቻ ያላላል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ፍል ውሃ ገብቶ መውጣት ከማሽኑ ቀጠሮ የሚረክስ ከሆነ የማይከፋ ምርጫ ነው፤ ሶደሬ ድረስ ለወገብ ብሎ መጓዝ ግን የአውቶቡሱ መንገጫገጭ ያገኙትን ይመልሰዋል። ጠበል የእምነት ጉዳይ ስለሆነ በብር አላወዳድረውም። የቲቢም ሆነ ሌላ የተጀመረ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ። ዋግምት በምላጭ የሚበጣ ከሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ለዚያ አደጋ የሚመጥን ጥቅም አላየሁበትም።

ቀበቶና ፍራሽ

ቀበቶውን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። የእኔ ሁለቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ፍራሽን በተመለከተ፣ ሽማግሌዎቻችን "ደረቅ ነገር ላይ ተኛ" ይሉ ነበር። በስፔን 313 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2003 የታተመ ጥናት ግን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ከደረቁ እንደሚሻል አሳይቷል። መሀሉ የሰረጎደ ስፖንጅ ካላችሁ ቀይሩ፤ ደህና ከሆነ ለ"ልዩ" ፍራሽ አትበደሩ።

| አማራጭ | ማስረጃው | ዋናው ወጪ | ክፍያ ሲቆም |
|---|---|---|---|
| በእግር መሄድ | ጥሩ፣ በተለይ እንዳይመለስ | ጫማና ጊዜ | ይቀጥላል |
| የሚያስተምር ፊዚዮቴራፒ | ጥሩ | ከ3 እስከ 6 ቀጠሮ፣ ታክሲ | ከተሠራ ይቀጥላል |
| የማሽን ፊዚዮቴራፒ | አይመከርም | ብዙ ቀጠሮ | ወዲያው ያልቃል |
| የሥነ ልቦና ሕክምና | ጥሩ፣ በቡድን ርካሽ | ባለሙያ ማግኘቱ | ይቀጥላል |
| ማሳጅ | ደካማ | ተደጋጋሚ ክፍያ | ቶሎ ያልቃል |
| አኩፓንቸር | አከራካሪ | ተደጋጋሚ ክፍያ | ለተወሰነ ጊዜ |
| ፍል ውሃ | ለምቾት | መግቢያና መጓጓዣ | በዚያው ቀን |
| ቀበቶ | አይመከርም | የአንድ ጊዜ ግዢ | ቁም ሣጥን |

ለማን የቱ?

*እጁ ላይ ምንም ለሌለው፦* መራመድ፣ መመጠን፣ ደብተር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሽፋኑ የሚሠራው በሪፈር ሰንሰለት ስለሆነ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል አጽፉ።

*የወር ደመወዝተኛ ከሆናችሁ፦* በሁለት ወር ውስጥ አራት ቀጠሮ አስተማሪ ፊዚዮቴራፒ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ። መሀሉን ቤት ሥሩ። ለማሳጅ ያሰባችሁትን ለዚህ አዙሩት። ስድስት ሳምንት በትክክል ሠርታችሁ ደብተሩ ካልተለወጠ ባለሙያ ቀይሩ ወይም ወደ ሐኪም ተመለሱ።

*አሜሪካ ላላችሁ፦* ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወላጆቻችሁ ሜዲኬር ካላቸው፣ ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ 12 የአኩፓንቸር ቀጠሮ ይሸፈናል፣ ከተሻላቸው 8 ይጨመራል። የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ ዲዳክቲብሉን ሳትሞሉ እያንዳንዱን የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ከኪስ ልትከፍሉ ስለምትችሉ፣ በመጀመሪያው ቀን የቤት ፕሮግራም አስጽፉ።

*ጀርመን፦* በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ ላይ የእናንተ ድርሻ የወጪው 10 በመቶና በማዘዣው 10 ዩሮ ነው። ከ2007 ወዲህ የመንግሥት መድኑ አኩፓንቸርን ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም ይከፍላል።

*እስራኤል፦* ፊዚዮቴራፒው በኩፓት ሆሊሙ (በጤና መድን ድርጅታችሁ) መሠረታዊ አገልግሎት ውስጥ አለ፤ አኩፓንቸርና መሰሎቹ በተጨማሪው መድን በቅናሽ ናቸው። መጀመሪያ ነጻውን ጨርሱ።

*ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች፦* ብር ቢገኝ ቀጠሮ የሚሄዱበት ሰዓት የለም። ምንጣፉን ጠቅልሎ ከመጎተት በሁለት በሦስት ማጠፍ፣ ባልዲውን ግማሽ ሞልቶ ሁለቴ መመላለስ፣ ሲወለውሉ ከወገብ ከመታጠፍ በጉልበት ዝቅ ማለት፣ ማታ ከመተኛት በፊት አሥር ደቂቃ ጡንቻ ማሳሳብ። እግር ከደነዘዘ ግን ለማዳሟ ሐኪም እንደሚያስፈልግ ዛሬውኑ ንገሯት።

አገር ቤት ላለች እናታቸው ከውጭ የሚልኩ ደግሞ አሉ። ዘንድሮ ከጎረቤቴ ቤት ሁለት የሚነዝር ወንበር ልባስ፣ አንድ የአንገት ማሻ፣ አንድ በሪሞት የሚሠራ ቀበቶ ቆጥሬአለሁ፤ ሦስቱ ቻርጀራቸው ጠፍቷል። በዚያ ሻንጣ ኪሎ ፋንታ ቤት የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት የአራት ቀን ክፍያ ላኩላቸው። አምስተኛውን ቀን በቪዲዮ ደውላችሁ "እማዬ፣ የተማርሽውን አሳዪኝ" በሏቸው።